ዱካክ ነው ወይስ በሽታ? ሌሊት ነቅቼ መንቀሳቀስ አቃተኝ

ወሎዬዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ። ለማን እንደምናገረው ግራ ቢገባኝ ነው እዚህ የምጽፈው።

24 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ፣ ጀሞ፣ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሥራዬ ኮል ሴንተር ነው። ሽፍት አለው። አንዱን ሳምንት ቀን እሠራለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማታ 2 ሰዓት ገብቼ ጠዋት እወጣለሁ።

ነገሩ የጀመረኝ ከሦስት ወር በፊት ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ ነቃሁ። ክፍሉ ይታየኛል። መጋረጃው፣ ወንበሩ ላይ የጣልኩት ሹራብ፣ የቻርጀሩ ቀይ መብራት፣ ሁሉም በቦታው ነው። ጓደኛዬ ማዶ አልጋዋ ላይ ስትተነፍስ እሰማታለሁ። ልነሳ ስል ግን ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ። እጄን ላንሳ፣ እንቢ። አንገቴን ላዙር፣ እንቢ። ከዚያ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ቆልፈን ነው የተኛነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ሲከፈት ሰማሁ። ኮቴ ሰማሁ። ቀስ እያለ መጣና አልጋዬ አጠገብ ቆመ። ፊቱ አይታየኝም፣ ጥቁር ነገር ነው፣ እያየኝ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ከዚያ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ትንፋሼ ቆመ። "በስመ አብ" ልል ብሞክር አፌ አይከፈትም፣ በሆዴ ብቻ ነው የምጮኸው። ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም፣ ለእኔ አንድ ሰዓት ነው። ድንገት ለቀቀኝና ተፈናጥሬ ተቀመጥኩ። በሩ ዝግ ነው። ጓደኛዬ ተኝታለች። ቲሸርቴ በላብ ርሷል።

አንዴ ብቻ ቢሆን ቅዠት ነው ብዬ እተወው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እየተመላለሰ ነው። በተለይ የማታው ሳምንት አልቆ ወደ ቀን ስቀየር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች ላይ ይብሳል።

ለእናቴ ደሴ ደወልኩላት። "ዱካክ ነው ልጄ፣ ቢላ ትራስሽ ሥር አድርጊ፣ ጤና አዳምም አትርሺ" አለችኝ። አደረግኩ። ጓደኛዬ ጸበል እንሂድ ትላለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ስትሮክ እንዲህ ነው የሚጀምረው አለችኝና ከዚያ ቀን ወዲህ ጭራሽ እንቅልፍ አጣሁ። አሁን መተኛት ራሱ ያስፈራኛል። እንዳልተኛ ብዬ ማታ ቡና ማፍላት ጀምሬያለሁ።

አንድ ቀን ሳይለቀኝ ቢቀርስ? ትንፋሼ እንደቆመ ብቀርስ? ይህ የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። እያበድኩ ነው ወይ?

ኡሙ ሰላም (ጅዳ)

አብሽሪ እህቴ። አንብቤሽ እንባዬ መጣ፣ ቃል በቃል የእኔ ታሪክ ነው።

ጅዳ ከመጣሁ 8 ዓመቴ ነው። ሰው ቤት ነው የምሠራው። የመጀመሪያው ረመዳን ላይ ነው የያዘኝ። ረመዳን እዚህ ሥራው ሌሊት ነው፣ እንግዳ፣ ምግብ፣ ዕቃ፣ እስከ ሱሁር። ሱብሒ ሰግጄ ጋደም ስል ይነጋል፣ ልጆቹ ይነሳሉ። በቀን ሦስት አራት ሰዓት ነበር የምተኛው፣ እሱም ተቆራርጦ። አንድ ቀን ጠዋት ነቅቼ ተይዤ ቀረሁ። ጣሪያው ይታየኛል፣ ከታች የሕፃኗ ድምፅ ይሰማኛል፣ ትልቅ ሴት እግሬ ላይ ተቀምጣለች። ሴት መሆኗን ብቻ ነው ያወቅኩት። በሰው አገር ብቻዬን ልሞት ነው፣ እናቴ ሬሳዬን እንኳ አታገኝም ብዬ አሰብኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ጂን አለባት ተብሎ እንዳልመለስ ፈራሁ። በኋላ የቤቱ ትልቅ እናት ፊቴን አይታ ምን ሆነሻል አለችኝ። ስነግራት ምንም አልደነገጠችም። "ይሄማ ጃቱም ነው፣ እኔንም በወጣትነቴ ይጫነኝ ነበር" አለችኝ። ለካ እነሱም ስም አላቸው! በቀኝ ጎንሽ ተኚ፣ አያተል ኩርሲ ቅሪ፣ ደግሞ ቀን ቀን አንድ ሰዓት ተኚ ብላ ለልጆቿ ነገረችልኝ። ያቺ አንድ ሰዓት ናት ያዳነችኝ ብዬ ነው የማምነው። ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ ሁለቴ ቢመጣ ነው።

አላበድሽም። ለእኔ የሚነግረኝ አልነበረም፣ አንቺ ግን ይኸው እየነገርኩሽ ነው።

ሲስተር ከሜሪላንድ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ፍርሃትሽን ላቅልልሽ። ይህ ነገር አይገድልም። እያበድሽም አይደለም። የባልደረባሽንም ነገር ተይው። ከእንቅልፍ ስትነቂ ብቻ እየመጣ፣ መላ ሰውነትን ይዞ፣ በጥቂት ሰከንድ ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ምንም ሳይተው የሚለቅ ነገር የስትሮክ ጠባይ አይደለም።

እኔ የምሠራው የእንቅልፍ ምርመራ ክፍል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲተኛ እከታተላለሁ። ታካሚው ማታ ይመጣል፣ ራሱ ላይ፣ ዓይኑ አጠገብ፣ አገጩ ላይ፣ እግሩ ላይ ትንንሽ ሽቦ እለጥፍለታለሁ፣ እሱ ይተኛል፣ እኔ ሌላ ክፍል ሆኜ መስመሮቹን ስክሪን ላይ አነባለሁ። በየ90 ደቂቃው ገደማ አንድ ነገር ይመጣል። የተከደኑት ዓይኖች ከቆባቸው ሥር ወዲያ ወዲህ መሮጥ ይጀምራሉ። የአንጎሉ መስመር የነቃ ሰው ይመስላል። የአገጩ መስመር ግን ዝርግ ይላል፣ ጡንቻው ፈጽሞ ላልቷል ማለት ነው። ይህ አርኢኤም የሚባለው የእንቅልፍ ክፍል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ነው የተገኘው። በጣም ግልጽ ሆኖ የሚታየን ሕልም የሚመጣው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ወደ ንጋት ደግሞ እየረዘመ ይሄዳል። ሌሊት 10 ሰዓት የሚይዝሽ በከንቱ አይደለም።

ጡንቻው ለምን ይላላል? ሕልማችንን በተግባር እንዳንፈጽመው ነው። በሕልምሽ ስትሮጪ እግርሽ እንዳይሮጥ የአንጎል ግንድ ወደ ታች ትእዛዝ ይልካል፣ ግላይሲንና ጋባ የሚባሉ ኬሚካሎች ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች ጸጥ ያደርጓቸዋል። ይህ መቆለፊያ የማይሠራላቸው ሰዎች አሉ፣ ተኝተው ሚስታቸውን የሚማቱ፣ ከአልጋ የሚዘሉ። እና መቆለፊያው የሚጠብቅሽ ነው። ችግሩ አንዳንዴ አንጎልሽ ቀድሞ ይነቃል፣ ቁልፉ ግን ገና አልተከፈተም። ዓይንሽ ይሠራል፣ ጆሮሽ ይሠራል፣ ሌላው ገና ተኝቷል። በእንግሊዝኛው ስሊፕ ፓራላይዚስ ይሉታል።

ስለ ትንፋሹ በደንብ አንብቢኝ፣ በጣም ያስጨነቀሽ እሱ ስለሆነ። ትንፋሽሽ አልቆመም። ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ከሳንባ ሥር ያለው ድያፍራም፣ በዚህ መቆለፊያ አይያዝም፣ ሥራውን ይሠራል። የደረት ጡንቻዎች ግን ላልተዋል። ስለዚህ ስትደነግጪ "በደንብ ልተንፍስ" ብለሽ በፈቃድሽ ደረትሽን ልታነሺ ትሞክሪያለሽ፣ አይነሳም። ያኔ ነው አንድ ሰው የተቀመጠብሽ የሚመስልሽ። በጀርባ ሲተኙ ደግሞ ይበረታል። በጀርባሽ ነው የምትተኚው? እንደዚያ ይመስለኛል።

ኮቴውና ጥቁሩ ነገርስ? ሕልሙ ገና አላለቀም። ዓይንሽ ክፍሉን እያየ ሕልሙ እላዩ ላይ ይደረባል። በዚያ ላይ አሚግዳላ የሚባለው አደጋ የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ማንቂያውን እየደወለ ነው። መንቀሳቀስ አልተቻለም፣ ትንፋሽ አጥሯል፣ እንግዲያው ጠላት አለ ማለት ነው ብሎ ይደመድማል፣ ጠላቱንም ይስልልሻል። ለዚህ ነው በየአገሩ ታሪኩ የሚመሳሰለው። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፣ በብረት መታሰር እንደ ማለት ነው። ብራዚል ውስጥ ፒሳዴይራ የምትባል ጥፍረ ረጅም አሮጊት አለች፣ ጣሪያ ላይ ሆና ትጠብቅና ጠግቦ በጀርባው የተኛውን ሰው ደረቱን ትረግጠዋለች ይላሉ። ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ውስጥም አሮጊቷ ያዘችኝ ነው የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1664 አንድ የኔዘርላንድ ሐኪም፣ ቫን ዲመርብሩክ፣ የ50 ዓመት ሴት ታካሚው ሰይጣን ደረቴ ላይ ይተኛብኛል እንዳለችው ጽፏል፣ ያንቺን ጽሑፍ ሳነብ እሷ ናት ትዝ ያለችኝ።

ብዛቱን ደግሞ እይው። እ.ኤ.አ. በ2011 የ35 ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ ሲታይ፣ በሕይወቱ ቢያንስ አንዴ የደረሰበት ሰው ከ100 ወደ 8 ይጠጋል፣ ተማሪዎች ላይ 28 ይደርሳል። ተማሪ እንቅልፉ የተዘበራረቀ ስለሆነ ይመስለኛል። አንቺም ሽፍትሽ በየሳምንቱ ይገለበጣል፣ በላዩ ላይ ማታ ቡና ጨምረሻል። በፍርሃት እንቅልፍ ባጣሽ ቁጥር ነገሩ ይብሳል። ቡናውን ዛሬውኑ ተዪ፣ እለምንሻለሁ። ቢላውንም ከትራስሽ ሥር አውጪው። እናትሽ ስለምትወድሽ ነው ያለችሽ፣ ይገባኛል፣ ግን ተፈናጥረሽ የምትነሺ ልጅ ነሽ፣ ስለት አጠገብሽ መሆን የለበትም።

የድሬ ልጅ

እህት ዓለም፣ ከዚህ በፊት የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ካስቀየምኩሽ ይቅርታ። ማታ ሥራ ላይ ጫት ትቅሚያለሽ?

የምጠይቅሽ በራሴ ስለማውቀው ነው። 12 ዓመት ቅሜያለሁ። እኛ ጋ ዱካክ ስትይ ማንም የሚያስበው ያልቃመ ሰው ሌሊት የሚያየውን ነው። በርጫ ያመለጠሽ ቀን ማታ ይመጣል። እኔን ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ ክዳኑን ዘግቶ ይነቀንቀኝ ነበር። እየነቀነቀ "ለምን አልቃምክም" ይለኛል። ጓደኛዬን ደግሞ "አንድ ከረጢት ጠጠር ዋጥ" ይለው ነበር። ሲወራ ሰው ይስቃል፣ ሌሊት ላይ ግን አያስቅም። አንዳንዴ ሕልም ብቻ ነው፣ አንዳንዴ ግን አንቺ እንዳልሽው ዓይንሽ ተከፍቶ ሰውነትሽ ተይዞ ነው።

ከሁሉ የከፋው ያቆምኩ ሰሞን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንዴት እንዳለፉ ፈጣሪ ያውቃል። ብዙ ሰው ጫት ለማቆም ወስኖ በሦስተኛው ቀን የሚመለሰው በሐራራው ብቻ አይደለም፣ ዱካኩን ፈርቶ ነው። ልመለስ ደጋግሜ አስቤ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን "ልጄ፣ የሚመጣብህ ሊወጣ ስለሆነ ነው፣ ጥቂት ሌሊት ብቻ ቻለው" አሉኝ። ቻልኩት። ሁለት ሳምንት ሲሞላኝ እየቀለለ መጣ። አሁን ካቆምኩ 5 ዓመቴ ነው፣ ጠርሙሱን ድጋሚ አላየሁትም።

ካልቃምሽ ይህን እርሺው። ከቃምሽ ግን ለሲስተር ንገሪያት።

ወሎዬዋ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ኡሙ ሰላም፣ ያንቺን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ሲስተር፣ አዎ፣ በጀርባዬ ነው የምተኛው።

የድሬው ወንድሜ፣ አላስቀየምከኝም። አንድ ያልጻፍኩት ነገር ነበር፣ አፍሬ ነው። የማታው ሳምንት ላይ ከሌሊት 8 ሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሲጥለን ልጆቹ ትንሽ ትንሽ ይይዛሉ፣ እኔም ከአራት ወር ወዲህ አብሬያቸው እቅም ነበር። ብዙ አይደለም። ቀን ስገባ ደግሞ አልነካም፣ ቤት ውስጥ ጓደኛዬ አታውቅም፣ እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትሆን አላውቅም። እስካሁን ከዱካኩ ጋር አላገናኘሁትም ነበር። ጥያቄውን ሳነብ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። የማታው ሳምንት አልቆ፣ ጫቱም ቀርቶ፣ በሁለተኛው ሌሊት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

ሲስተር፣ እውነት ሊሆን ይችላል? ደግሞ ሲይዘኝ እዚያው ምን ላድርግ?

ምዕመን

ከሲስተር መልስ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። እኔ የጸበልም የጸሎትም ሰው ነኝ፣ ማንም እምነቴን እንዲነካብኝ አልፈልግም፣ ግን በቤታችን የደረሰውን መናገር አለብኝ።

ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ላይ ነው የጀመረው። ሌሊት እንዳንቺ ይያዝ ነበር። እኛም ዱካክ ነው ብለን ጸበል ወሰድነው። ቀን ላይ ግን ሌላም ነገር ነበረው። ክፍል ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ እየበላ ሳለ እንኳ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሲስቅ ደግሞ ጉልበቱ ይከዳዋል። ቀልድ ሰምቶ ከልቡ ሲስቅ አገጩ ይወርዳል፣ ሸብረክ ብሎ ይወድቃል፣ ራሱን ግን አልሳተም፣ የምንለውን ይሰማል። እኛ መንፈሱ ደስታ አይወድም አልን። ልጁ መሳቅ ተወ። አስቡት፣ የ16 ዓመት ልጅ ወንድሞቹ ሲጫወቱ ተነስቶ ይወጣል፣ እንዳይስቅ።

አራት ዓመት ጸበል ለጸበል ዞርን። በመጨረሻ ሐኪም ጋ ውሰዱት ያሉን ራሳቸው ቄሱ ናቸው። "ጸበሉን አትተዉ፣ ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው" ነው ያሉን። የነርቭ ሐኪም አየውና ናርኮሌፕሲ የሚባል የእንቅልፍ በሽታ ነው አለን። መድኃኒት ጀመረ፣ ቀን ቀን ጥቂት ደቂቃ እንቅልፍ ታዘዘለት። ዛሬ ሥራ ይሠራል። ይስቃል። እኔ ያንን አራት ዓመት ሳስብ እስካሁን ደረቴ ይደማል።

አንቺ እንደዚህ ያለ ምልክት የለሽም መሰለኝ። ካለሽ ግን እንደ እኛ ጊዜ አታጥፊ። ጸሎትሽንም አትተዪ፣ መዝሙረ ዳዊት 90 ላይ የሌሊትን ግርማ አትፍራ የሚለውን ያዢው፣ እኔ ራሴ በእሱ ነው የምተኛው።

ሲስተር ከሜሪላንድ

ወንድሜ ምዕመን፣ ይህን ስለጻፍክ ከልቤ አመሰግንሃለሁ። የገለጽከው በሳቅ ጊዜ ጉልበት መክዳት ካታፕሌክሲ ይባላል፣ ያው የሌሊቱ መቆለፊያ በጠራራ ፀሐይ ሲመጣ ማለት ነው። እሱ ያለበት ሰው መታየት አለበት። ቀን ላይ በማይቻል እንቅልፍ የሚወድቅም፣ በኃይል እያንኮራፋ ታንቆ የሚነቃም፣ እንዲሁም ሌሊት ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ ምላሱን የሚነክስ ወይም ሽንቱ የሚያመልጠው ሰው ጭራሽ የሌላ ነገር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋ ይሂድ።

ወሎዬዋ፣ አንቺ ደግሞ አታፍሪ። ጥሩ አድርገሽ ነው የተናገርሽው። አዎ፣ እውነት ሊሆን ይችላል፣ እኔም ከመጀመሪያው መጠየቅ ነበረብኝ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚያነቃ ነገር ነው፣ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይቀራረባል። እንዲህ ያሉ ነገሮች አርኢኤም እንቅልፍን ያፍናሉ። አንጎል ደግሞ የተነፈገውን አይረሳም። ጫቱ ሲቀር ያጣውን ሕልም በአንዴ ሊያካክስ ይነሳል፣ ቶሎ ይመጣል፣ ይበረታል፣ ይረዝማል። የድሬው ልጅ ጠርሙስ ከዚያ ነው የመጣው። ያንቺ ላይ ደግሞ ሽፍቱም በዚያው ቀን ይገለበጣል፣ የተጠራቀመ ድካምም አለ። ሦስቱ አንድ ሌሊት ላይ ይገናኛሉ።

ስለዚህ ጫቱን ተዪው፣ ስትተዪው ደግሞ መጀመሪያ ሊብስ እንደሚችል አውቀሽ ግቢ። በጎንሽ ተኚ፣ እየተገለበጥሽ ካስቸገረሽ ከጀርባሽ ትራስ አስደግፊ። ከማታ ሽፍት ወጥተሽ ጠዋት ስትተኚ ክፍሉን አጨልሚ፣ ስልክሽን ዝጊ፣ ማንም እንዳይቀሰቅስሽ ንገሪ። አለቃሽን ደግሞ ሽፍቱ በየሳምንቱ እንዳይገለበጥ ብትጠይቂ መልካም ነው፣ አንዱን ረዘም አድርጎ መሥራት ይሻላል።

ሲይዝሽ ምን ላድርግ ላልሽው፣ አትታገዪ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው መታገል ነው፣ ስትታገዪ ግን ያልተከፈተ በር ነው የምትገፊው፣ ፍርሃቱም ይጨምራል። ባላንድ ጃላል የሚባል በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ የሠራ ተመራማሪ አለ። ግብፅና ዴንማርክ ውስጥ ይህ የሚደርስባቸውን ሰዎች አነጻጽሮ ግብፆቹ ጂን ነው ብለው ስለሚያምኑ ይበልጥ እንደሚፈሩ፣ ይዞ የሚያቆያቸውም ረዘም እንደሚል አይቷል። እሱ የሚለው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዓይንሽን ክደኚና "ይህን አውቀዋለሁ፣ ያልፋል" በይ። ቀጥሎ መፍራት እንደማያስፈልግሽ ለራስሽ ንገሪ። ከዚያ ሐሳብሽን ከክፍሉ አንስተሽ ልብሽ የሚያርፍበት ነገር ላይ አድርጊው፣ የእናትሽ ፊት ይሁን፣ ጸሎት ይሁን። በአፍሽ ማለት ስለማትችዪ አትጨነቂ፣ በልብሽ በዪው። ሰውነትሽንም ላላ አድርጊው፣ ልንቀሳቀስ አትበዪ።

አንድ ሌላ ነገር። ሰው ሲነካሽ ወይም በስምሽ ሲጠራሽ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ለጓደኛሽ ንገሪያት። ስትያዢ ከጉሮሮሽ ትንሽ የማቃሰት ድምፅ ይወጣ ይሆናል፣ ያንን ስትሰማ መጥታ ትንካሽ።

ኡሙ ሰላም (ጅዳ)

ሲስተር አላህ ይጠብቅሽ። ለእኔም ነው የጻፍሽልኝ። ለካ በቀኝ ጎንሽ ተኚ ያለችኝ ያለ ነገር አልነበረም።

ወሎዬዋ (ጠያቂ)

ሰላም፣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ደህና መሆኔን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ለጓደኛዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ጫቱንም ጭምር። ትንሽ አኮረፈች፣ ከዚያ "ለምን እስካሁን ብቻሽን ያዝሽው" ብላ አለቀሰች። ቢላውን ወደ ኩሽና መለስነው። ጤና አዳሙን ግን አልጣልኩትም፣ ሽታው የእናቴን ቤት ያስታውሰኛል። ማታ ላይ ቡና የለም። ጫት የለም። አለቃዬ ሽፍቱን በየሦስት ሳምንቱ አድርጎልኛል፣ ከዚያ በላይ አልቻለም።

በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ሁለት ጊዜ ያዘኝ። የመጀመሪያው ጫት በተውኩ በአራተኛው ሌሊት ነው፣ በጣም ከባድ ነበር፣ ያላችሁኝ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ጓደኛዬ ሳቃስት ሰምታ ትከሻዬን ነካችኝና ለቀቀኝ። ሁለተኛው ባለፈው ማክሰኞ ነው። በሩ ተከፈተ፣ ኮቴው መጣ፣ አልጋዬ አጠገብ ቆመ። ልቤ እንደ ከበሮ ይመታል። ግን ዓይኔን ከደንኩ። አገጬ ላልቷል፣ ያ መስመር ዝርግ ብሏል አልኩ በልቤ። ሲስተር ሌላ ክፍል ሆና እያየችኝ እንደሆነ አሰብኩ። ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ፣ ሩብ ሳልደርስ ጣቴ ተንቀሳቀሰች። ደረቴ ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ትናንት ለእናቴ ደወልኩላት። ስለ ጫቱ ገና አልነገርኳትም፣ እነግራታለሁ። ስለ እንቅልፉ ግን ሲስተር የጻፈችውን ሁሉ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "እኔን አንቺን የወለድኩ ሰሞን ይጫነኝ ነበር፣ አራስ ቤት፣ እንቅልፍ በማጣው ጊዜ፣ አንቺን ከእቅፌ ሊወስድ የመጣ ነበር የሚመስለኝ" አለችኝ። 24 ዓመት ለማንም ተናግራው አታውቅም፣ ለአባቴም። አሁንም አልፎ አልፎ ይይዛታል።

ሲስተር፣ እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ ወገቧን ስለሚያማት በጀርባዋ ካልሆነ መተኛት አትችልም። ለእሷስ ምን ልበላት?